እንደ እኔ ፍተይው

ወደ ደሴቱ የወሰዱኝ ቀን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ልጅ የወተት ጥርሱ ሲወልቅ ለማደጎ ይሰጣል። ሌላ ቤት ሄዶ ያድጋል፣ ሥራ ይማራል፣ ሁለት እናትና ሁለት አባት ኖሮት ይመለሳል። የአጎቶቼ ልጆች ሁሉ ሄደው እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር። እህት የለኝ፣ ወንድም የለኝ፤ ከውሻና ከበግ ጋር ነበር የምውለው። ስለዚህ አባቴ ፊንጊን ፈረሱ ላይ ከፊቱ አስቀምጦኝ ከግቢ ሲወጣ «ተራዬ ደረሰ» ብዬ ዘፈንኩ። አባቴ ዝም በይ አላለኝም። እናቴ ሮናት ግን ልትሸኘኝ አልወጣችም። እንዝርቷን እንደያዘች ወደ በጎቹ ጉረኖ ጀርባ ሄደች። የተቆጣችኝ መስሎኝ፣ ምን እንዳጠፋሁ መንገዱን ግማሽ ድረስ ሳስብ ነበር፤ ዝናብ ሲጀምር ረሳሁት።

ሐይቁ ዳር ዱንሃድ ቆሞ ጠበቀን። ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙ ላይ ቅቤ አይጠፋም። አባቴ እጄን ይዞ ዱንሃድ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠና «አንገቷ ይኸው» አለው። የሰጠው እጄን፣ የሚያወራው ስለ አንገቴ፤ አልገባኝም። ከዚያ ፈረሱን አዙሮ ሄደ። እኔን ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ አሻገሩኝ። ጣቶቼን ውሃው ውስጥ እየነከርኩ መዝፈኔን ቀጠልኩ።

ደሴቱን እግዜር አልፈጠረውም። ሰዎች ካስማ ተክለው፣ ድንጋይና ጭራሮ ቆልለው ሐይቁ መሐል የሠሩት ነው። ዙሪያውን የእንጨት አጥር አለው፤ ከአጥር እስከ አጥር በልጅ እርምጃ ሰባ ሁለት ነው። ውሃው ከወለሉ ሥር ሲላላስ ይሰማል፤ ስትተኛም ይላላሳል፣ ስትነሣም ይላላሳል። ታንኳዋ ሁልጊዜ በወዲያኛው ዳር ትታሰራለች። «ለምን እዚህ አትታሰርም?» ብዬ ስጠይቅ «እዚህ ውሻው ይፈራታል» አሉኝ። ይህንንም አመንኩ። ውሻው እኮ በየቀኑ እየዋኘ ይሻገር ነበር።

የምታሳድገኝ ሙርጌል ትባላለች፤ የዱንሃድ አክስት ናት። ባሏም ልጇም ሞተውባታል። ክንዷ እንደ ወንድ ክንድ ነው፣ ወተት ወተት ትሸታለች። በመጀመሪያው ቀን ፀጉሬን እያበጠረች «እማዬ በይኝ» አለችኝ። በማደጎ ቤት እንዲያ ነው የሚባለው፤ አውቃለሁ።

«እትዬ ሙርጌል» አልኳት።

«እማዬ።»

«እትዬ።»

ማበጠሪያውን አስቀምጣ ዱንሃድን ጠራችው። «ይቺ ልጅ ሥጋ ብትሆን ኖሮ ሦስት ቀን ቀቅለናት አትበስልም ነበር» አለችው። ዱንሃድ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም።

ትልልቆቹ ስለ እኔ ሲያወሩ «መያዣዋ» ይሉኝ ነበር። «መያዣዋ በላች?» «መያዣዋን ብርድ እንዳይመታት።» እኔ የማውቀው መያዣ የድስት መያዣ ነው። ድስት ያለ መያዣ እጅ ያቃጥላል፣ ይደፋል። ስለዚህ ቤቱን አንጠልጥዬ የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ። በበዓል ቀን እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሙርጌል ቀጭን የብረት ሰንሰለት በአመድ ፈትጋ ታበራና ቁርጭምጭሚቴ ላይ ታስርልኛለች። አልቦ ነው አልኩ። ከደሴቱ ልጆች አልቦ ያላት እኔ ብቻ ነኝ፤ እንግዶቹ እንዲያዩልኝ እግሬን ዘርግቼ እቀመጥ ነበር። ያዩታል፤ ዓይናቸውንም ቶሎ ይመልሳሉ።

ሰንሰለቱ ለምን እንደታሰረብኝ አሁን በዚህ ዕድሜዬ አውቃለሁ። አባቴ የዱንሃድን ከብት ዘርፎ ተሸንፎ ነበር። ዕርቅ ወረደ፤ ዕርቁ ያረፈው እኔ ላይ ነው። አባቴ ዳግም እጁን ቢያነሣ አንገቴ የዱንሃድ ነው። ማደጎ የሄደ ልጅን እናቱ በየበዓሉ ትጠይቀዋለች። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔ ግን መንገዱ ጭቃ ሆኖባቸው ነው እል ነበር።

ሙርጌል ባላት ዕቃ ሁሉ ላይ ትጽፋለች። የቢላዋዋ እጀታ ላይ፣ የማበጠሪያዋ ጀርባ ላይ፣ የቅቤው ገንዳ ክዳን ላይ፣ የወተት መናጫው ዘንግ ላይ ሳይቀር፤ በሁሉም ላይ በቢላ ጫፍ የተጫረ ስሟ አለ። መነኮሳቱ በቆዳ ላይ የሚጽፉትን እኔም እሷም አናውቀውም። የእኛ ኦጋም ነው፤ መስመርና ጭረት። መስመሩ ግንድ ነው፣ ጭረቶቹ ቅርንጫፍ ናቸው፣ እያንዳንዱም ፊደል በዛፍ ስም ይጠራል። ያስተማረችኝ በቅልጥሜ ነው። እሳት ዳር ታስቀምጠኝና የቅልጥሜን አጥንት መስመር አድርጋ ጣቶቿን ትደረድርበታለች።

«አራት ጣት ወደ ቀኝ?»

«አኻያ።»

«አራት ጣት ወደ ግራ?»

«የለውዝ ዛፍ።»

«ጎሽ። ቀኝና ግራ ያምታታ ሰው አኻያ ላይ ለውዝ ሲፈልግ ይኖራል።»

«ክብ ነገር ላይስ ቢጻፍ? ክብ ነገር ቀኝና ግራ የለውም።»

«ክብ ከሆነ ፀሐይ የምትሄድበትን ተከትለሽ ዙሪ» አለችኝ። «ሁሉም ነገር በቀኝ ነው። ወፍጮ በቀኝ፣ ቤተ ክርስቲያን በቀኝ፣ እንዝርትም በቀኝ ይሾራል። በግራ የሚዞር ሰይጣንና አንዳንድ ሴት ነው።» ከዚያ አንደበቷን ያዝ አደረገች። ሴቶቹ እናቴን «ግራኟ» እንደሚሏት ሰምቼ ነበር። ስድብ መሰለኝ፤ ግራ የገባት ለማለት። እናቴ የምትፈትለው በየትኛው እጇ እንደሆነ ብትጠይቁኝ «በቀኟ» ብዬ እምል ነበር። ሁልጊዜ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበራ የማያት። የሚሠራው እጇ በእኔ በኩል በቀኝ ነው።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ ክሮናን መጣ። ከአጋዘን ቀንድ ማበጠሪያ እየሠራ አገር ለአገር የሚዞር ሽማግሌ ነው፤ እንዲህ ያለውን ባለእጅ ጠላትም ወዳጅም አይነካውም። ዕቃውን ወለሉ ላይ ዘረጋ።

«እትዬ ሙርጌል፣ ፀጉርሽ ከዓምናው ሳሳ። ጥርሱ የተራራቀ ልሥራልሽ?»

«የራስህን ጥርስ አራርቀህ ጨረስክና ወደ እኔ ዞርክ?»

«የእኔ እንኳ የረገፈው ማር ስበላ ነው። ያንቺ ፀጉር ምን በልቶ ነው?»

ሴቶቹ ሲንከተከቱ እሱ እኔን ጠርቶ የፀጉሬን ውፍረት ለመለካት ጎንበስ አለ። አንድ ቀዝቃዛ ነገር አንገትጌዬ ውስጥ ጣለ። «ከግራኟ ነው» አለኝ በጆሮዬ። «‹እንደ እኔ ፍተይው› ብላለች። ሌላ አላውቅም። እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ አህያን የጫነችውን አይጠይቋትም።» ቀና ብሎም ጮክ አለና «ይቺማ የፈረስ ጭራ ነው ያላት!» አለ።

ከበጎቹ ማደሪያ ገብቼ አየሁት። ከእንዝርት ግርጌ የሚሰካው ክብ ድንጋይ ነው፤ እንዝርቱን አክብዶ የሚያሾረው። መሐሉ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ቀጭን ክብ መስመር ተጭሯል፣ መስመሩ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ። ፊደል ከሌለበት ክፍት ቦታ ጀመርኩና ፀሐይን ተከትዬ በቀኝ አዞርኩት። አራት ጭረት፣ ወደ ቀኝ፤ አኻያ። አንድ ነጥብ መስመሩ ላይ፤ ጥድ። አንድ ገደድ ያለ ጭረት፤ ሐረግ።

ስ፣ አ፣ ም፤ ሳም። በእኛ አፍ በጋ ማለት ነው።

በጋ! ደግሜ አነበብኩት። በበጋ ሊወስዱኝ ይመጣሉ። «እንደ እኔ ፍተይው» ማለቷም ገባኝ፤ እንደ እኔ ጎበዝ ሁኚ፣ ስትመጪ የምትፈትይ ልጅ ሆነሽ ላግኝሽ ማለቷ ነው። ድንጋዩን አፌ ውስጥ ከተትኩት። የበግ ፀጉር ሸተተኝ፣ እናቴም ሸተተችኝ።

ምስጢር መያዝ አልችልም ነበር። ማታ ሳይሆን ሙርጌል ጋ ሮጥኩ። ቅቤ እየናጠች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ድንጋዩን ተቀበለችኝ። በቀኝ አዞረችው። ቆም አለች። በግራ አዞረችው። ከዚያ መናጫውን ትታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

«ማን አየው?»

«ማንም።»

«ክሮናን ምን አለሽ?»

«እንደ እናትሽ ፍተይ አለኝ። ሳም ይላል አይደል? በጋ አይደል?»

ድንጋዩን መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ቅቤው ሊሞቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

«በጋ ይላል» አለችኝ። «ለወንዶቹ አታሳዪ። ዱንሃድ ካየው ይወስድብሻል።» ድንጋዩን በቆዳ ክር አስራ በብብቴ ሥር አንጠለጠለችልኝ። የዚያን ቀን ከወተቱ ላይ ያለውን ስልባቦት በሙሉ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለማንም የማትሰጠውን። ስታጎርሰኝ ጉንጬን ደጋግማ ትዳብስ ነበር። ለእኔ ደስ ብሏት መሰለኝ።

ያንን ክረምት እንዳሳለፍኩት ደስተኛ ሆኜ ያሳለፍኩት ክረምት የለም። እልኸኛ ሆኜ ፈተልኩ። ጣቴ ተላጠ። በቀኝ ነበር የምፈትለው።

በጎች መታለብ ሲጀምሩ፣ በቅድስት ብሪጂት በዓል፣ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። አልቦዬን አድርጌ እሳት ዳር ተዘረጋሁ። ዱንሃድ ከሕግ አዋቂው ሽማግሌ ጋር ሲንሾካሾክ ቆይቶ «ላሳር፣ ነይ እስቲ» አለኝ። ሄድኩ። ሙርጌል ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘች።

«ከቤትሽ ወሬ ይመጣልሻል?» አለ ሕግ አዋቂው።

«አይመጣልኝም።» ድንጋዩ በብብቴ ሥር ሞቀ።

«በደጋው፣ ከብት በበጋ በሚታለብበት ጎጆ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማን የሚሉ አሉ። እናትሽ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ አባትሽ ደብቆታል ይባላል።»

ሳቅሁ። «ውሸት ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ብትወልድ ትነግረኝ ነበራ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዱንሃድ ግን ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ስሚኝ ልጄ። ሴት ልጅ ልል መያዣ ናት። ድስቱን ሳያነሡት መያዣው እጅ ላይ ይቀራል። ወንድ ካለ ወንዱን አመጣለሁ፣ አንቺን በዚያው ዕለት በፈረስ አስጭኜ እናትሽ ጓዳ አደርስሻለሁ። ስለዚህ አስቢና ንገሪኝ። ወንድም አለሽ?»

ሊፈትነኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ቤቴ ለመሄድ ስል እንድዋሽ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ምን አስዋሸኝ? በበጋ ይመጡልኛል። ሦስት ወር ቀርቷል። የሙርጌል ጣቶች ትከሻዬ ውስጥ ገቡ፤ እንደ ፍም ይፋጃሉ፤ አጥንቴን የምትሰብረው መሰለኝ። አይዞሽ፣ አትዋሺ እያለችኝ ነው አልኩ በልቤ።

«የለኝም» አልኩ። «እኔ ብቻ ነኝ።»

«ልጅ አይዋሽም» አለ ዱንሃድ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ሙርጌል እጇን ከትከሻዬ ላይ አንሥታ ወጣች። ከበሩ ውጭ ስታስመልስ ሰማኋት። «ዓሣው ነው» አለች ስትመለስ። በዚያ በዓል ዓሣ አልቀረበም ነበር።

በጋው መጣ። አጥሩ ላይ አንድ ካስማ ተጣሞ ነበርና በዚያ ክፍተት ወዲያኛው ዳር ይታየኛል። እዚያ ቆምኩ። ፈረስ ባለፈ ቁጥር የአባቴ ፈረስ ነው። ሴት ባለፈች ቁጥር እናቴ ናት፤ ቀርባ እስክትታይ። ሣሩ ታጨደ፣ ከብቶቹ ከደጋ ወረዱ፣ ዝናቡ መጣ። ሙርጌል ብርድ ልብስ ይዛ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«አልመጡም» አልኳት።

«ድንጋዩ የትኛው በጋ እንደሆነ አላለም» አለችኝ።

እንደዚያ አለችኝ። ሠላሳ ዓመቴ እስኪሞላ ያንን ቃል እያመነዠክሁ ኖርኩ። ከታች ያለው ውሃ ይላላሳል፣ እኔ እርምጃ እቆጥራለሁ። ሰባ ሁለቱ እግሬ ሲያድግ አርባ ስድስት ሆነ። የደሴቱ ልጃገረዶች እያገቡ ወጡ፤ መያዣ አይዳርም። መያዣ ምን እንደሆነም አወቅሁ፣ አልቦውም ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ እንግዶች ሲመጡ እግሬን በቀሚሴ እሸፍን ጀመር። በድንጋዩ ላይ ግን እምነቴ አልጠፋም። ሰው እንደዚያ ነው፤ ከመታሰሪያው ሁሉ አንዱን ይወዳል።

ሠላሳ ዓመቴ ሲሆን አባቴ ሞተ። አንድ ቀን ጧት ታንኳዋ አንድ ወጣት ይዛ መጣች። ቀይ ጠጉር ያለው፣ ትከሻው ሰፊ። ዱንሃድ ፊት ቀርቦ በራሱ አካል ማለ፤ አዲስ መሐላ ገባ፣ በእኔ ላይ የነበረው አሮጌው ተፈታ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና በሰው ሁሉ ፊት ጉልበቴ ላይ ወደቀ።

«ተነሣ አንተ፣ ጭቃ ነው» አልኩት። «ማነህ?»

«ኦድራን ነኝ። ወንድምሽ።»

«ወንድም የለኝም።»

ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑ እንባ ሞላ። «እናታችን እንደዚሁ ነው ያለችኝ። ‹ዛሬም ብትጠይቃት የለኝም ነው የምትለው› ብላኛለች። እህቴ፣ እናታችን ዓምና ሞተች። ከመሞቷ በፊት ሁሉን ነገረችኝ። አባታችን ደጋ ላይ ደብቆኝ፣ በአፍሽ እንዳትናገሪ ብሎ እሷን አስምሎ፣ እሷ ግን ቃሉን ድንጋይ ላይ ጭራ ላከችልሽ። ‹ልጄን እጇ ላይ አስቀመጥኩት› አለች። ‹ብትናገር ቤቷ ትገባለች፣ እሱ ይሄዳል። ክረምቱን ሙሉ መሻገሪያው ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። አልተናገረችም፤ ወንድሟን አልሸጠችም› አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም አልሽልኝ።»

የሚለው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ድንጋዩን ከብብቴ አወጣሁ። ዓይኔን ጨፈንኩና እናቴን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት፤ የጉረኖውን አጥር ተደግፋ፣ እንዝርቷ እየሾረ። የሚሠራው እጇ በእኔ ቀኝ ነበር። የእኔ ቀኝ። ለእሷ እኮ ግራዋ ነው። እንደ እኔ ፍተይው። ድንጋዩን በግራ አዞርኩት። ሐረግ። ጥድ። አራቱም ጭረት አሁን ወደ ግራ ነው፤ የለውዝ ዛፍ።

ም፣ አ፣ ክ፤ ማክ። ወንድ ልጅ።

ሙርጌል በሩ ላይ ቆማ ነበር። አርጅታለች፤ ለመንገድ የጋገረችልኝን ዳቦ በጨርቅ ይዛለች። ወንድሜን ትቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

«መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ዕለት» አለችኝ። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ለምን?»

«አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛዋ በፈረስ ትሂድብኝ?» አለች። «ደግሞስ» አለች የዳቦውን ጨርቅ እየቋጠረች፣ «አንቺ ብትሄጂ ያ ሰንሰለት የሚመጣው ጡት ባልጣለ ሕፃን እግር ላይ ነው። የማስረው እኔ ነኝ።»

«ከሁለቱ የትኛው ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።»

ዳቦውን አልተቀበልኳትም። ታንኳው ውስጥ ገባሁ። ብናገር ኖሮ ዱንሃድ በዚያ ዕድሜዋ ከቤት ያስወጣት ነበር፤ አልተናገርኩም፤ ይቅር ብያትም አይደለም። ያ ክረምት ሳያልቅ ሞተች አሉኝ።

አገሬ ስገባ ሰው ወጥቶ ተቀበለኝ። «ዝምተኛዋ» ይሉኛል። እናቶች ልጆቻቸውን አምጥተው እጄን ያስነኳቸዋል። ምስጢር ያለው ሰው ቤቴ መጥቶ ያራግፋል፤ በስሜ ይማላል፣ «በዝምተኛዋ!» ይላል የከብት ሻጭ ሁሉ። ወንድሜ በማዕዱ ራስ ያስቀምጠኛል። የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ያልተናገርኩት አፍሬ ነው። ሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው ቀን ስላለፈ ነው። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ። ሰው ፊት አፌን ስከፍት ሁሉም ጆሮውን ያቆማል፤ እኔም መልሼ እዘጋዋለሁ። ደሴቱ ቢያንስ በር ነበረው።

አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ዱንሃድ ሞተ። ልጁ «አባቴ የተቀበለውን መሐላ አላውቅም፤ መያዣ ላኩልኝ» ብሎ መልእክተኛ ላከ። ኦድራን ልጁን ሳርናትን እጇን ይዞ ቤቴ መጣ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ወንድ ልጅም አለው፤ እሱን ቤት ትቶታል።

«ነገ ትሄዳለች» አለኝ። «ታሪክሽን ንገሪያት። ልቧ እንዲጠና።»

ልጅቷ ትስቅልኛለች። ለማደጎ የምትሄድ መስሏታል።

«ተቀመጡ» አልኳቸው፤ ነገርኳቸው። የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ኦድራን መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ብታነቢው ኖሮስ?» አለኝ።

«በበዓሉ መሐል ‹ወንድም አለኝ!› ብዬ እጮህ ነበር። ሐይቁ ማዶ ያለ ላም እስኪሰማ።»

«ሕፃን ነበርኩ እኮ።»

«እኔስ?»

እሳቱን አየ፣ ልጁን አየ። ልጅቷ አሁን አትስቅም። «አባዬ፣ ሰንሰለት አለ?» አለችው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ታዲያ ማንን ልላክ?» አለ ከእጁ ሥር። «ሰው መሄድ አለበት። ወንዱን ልጅ ልላክ? ጦርነት ልክፈት?»

«እኔን ላክ።»

«አንቺን? አርባ ሁለት ዓመት ሆኖሽ?»

«መያዣ የሚመዘነው በዕድሜ አይደለም፤ ሲጠፋ በሚያስለቅሰው ሰው ነው። የዱንሃድ ልጅ ሰዎች እንኳ በስሜ ይምላሉ። ‹ዝምተኛዋን ሰጠኋችሁ› በላቸው፤ እጅ ነሥተው ነው የሚወስዱኝ። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ አርባ ስድስት እርምጃ ነው።»

«ግን እኮ ዝምተኛ አይደለሽም! ውሸት ነው፤ አሁን ራስሽ ነገርሽኝ!»

«ለእነሱ አልነገርኩም። ከተነገራቸው አንድ ፍየል አላወጣም። ከዛሬ ጀምሮ ዝም የማለት ተራው ያንተ ነው።»

በማግስቱ ሄድኩ። ታንኳው ውስጥ ስገባ ቀዛፊው ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመኝ፤ እኔም ሳቄን ዋጥኩት። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ግን ሳቁ እንባ ሆነ። ውሃው ከወለሉ ሥር እንደ ድሮው ነበር። ሙርጌል የተቀበረችበትን አሳዩኝ።

ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ። ባለፈው ክረምት የዱንሃድን ልጅ ፈረስ ጥሎ ገደለው፤ ወራሽ የለውም፤ የሚይዘኝም ጠፋ። በጋው ሲገባ አንዲት ቀይ ጠጉር ያላት ልጅ ታንኳዋን ራሷ እየቀዘፈች መጣች። ሳርናት ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል። ቁመቷ ከእኔ አልፏል። መቅዘፊያውን አሸከመችኝና ኋላ አስቀመጠችኝ።

«አባትሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደህና ነው። ስላንቺ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰው ሲያመሰግንሽ ተነሥቶ ይወጣል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እውነቱን ለሁሉም ነግሬያለሁ» አለች ውሃውን እያየች። «ገና የሄድሽ ዕለት ነው የጀመርኩት። ለጎረቤቱ፣ ለመነኮሳቱ፣ ለከብት ሻጮቹ፤ ማንም አላመነኝም።»